የስክርቢቶ ቀዳዳ

«አፈሙዙን ወደ መሬት! ልጅቷ ገና እዚያ ናት!» ብለው ጮኹ ጋሽ ካሳው።

አፊያ ከኩይሳው ፊት ቆማ ካርቶኑን እያስደገፈች ነበር። ዘወር ስትል አባቷ ኑርሁሴን በእጁ የያዛትን ጠመንጃ ቶሎ ዝቅ ሲያደርግ አየችው። ጠመንጃዋ ባዶ ነበረች፤ ጥይቱ ያለው ጋሽ ካሳው ኪስ ውስጥ ነው። 

የሳሙናውን ካርቶን በድንጋይ አስደገፈችና መሃሉ ላይ በስክርቢቶ ያጠቆረችውን ክብ አየችው። የሻይ ብርጭቆ አፍ ያክላል። ኩይሳው ከሰው ቁመት ይበልጣል። ጋሽ ካሳው ቦታውን የመረጡት ለዚሁ ነው፤ ጥይቱ ዒላማውን ቢስት እንኳ ምስጥ የከመረው አፈር ውጦ ያስቀረዋል። ስክርቢቶዋን ቀሚሷ ኪስ ከታ ወደ ሰዎቹ ሮጠች።

ጋሽ ካሳው ዳንግላ ወፍጮ ቤት ሊከፍቱ እርሻቸውን ትተው የሚሄዱ ጎረቤት ናቸው። «ሃያ ሁለት» የሚሏቸው ሁለት ትናንሽ ጠመንጃዎች አሏቸው፤ ሁለቱም ፈቃድ አላቸው። አንዷን ለራሳቸው አስቀርተው ሌላዋን ለኑርሁሴን ሊሸጡለት ነው። ምርጫውን ለእሱ ትተውለታል። ረጅሟ ከበድ ትላለች፤ በየተኩሱ አንድ ጥይት በእጅ ማጉረስ ያስፈልጋል። አጭሯ ቀላል ናት፤ ካዝናዋ አሥር ጥይት ይይዛል።

«እኔ ይቺኛዋን ነው የወደድኩት» አለ ኑርሁሴን አጭሯን እያገላበጠ። «ዝንጀሮ በመንጋ ነው የሚመጣው። አንዱን ተኩሼ ሌላ እስካጎርስ በቆሎው አለቀ ማለት ነው።» ይህን ብሎ ቃታዋን ሊስብ ጣቱን ሰደደ።

«ተው! ተው!» አሉ ጋሽ ካሳው። «ባዶዋን አትሳባት። ይቺ እንደ ክላሽ አይደለችም። መርፌዋ የሚመታው የጥይቱን ጠርዝ ነው። ጥይት ከሌለ ብረት ለብረት ይጋጭና መርፌዋ ይበላሻል። ሰው ሁሉ ጠመንጃ ሲያይ ቀጭ ቀጭ ማድረግ ይወዳል እኮ!»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለ ኑርሁሴን እየሳቀ።

«ደግሞ ትንሽ ናት ብለህ አትናቃት። ሜዳ ላይ ከለቀቅሃት እዚያ ማዶ ያለው መንደር ድረስ ትሄዳለች። ለቆቅና ለጅግራ፣ ለዒላማም ከሆነ እኔ የምመክርህ ረጅሟን ነው። አንድ ጥይት ብቻ ያለው ሰው አስቦ ይተኩሳል።»

ሞተር ሳይክሉ ላይ የተቀመጠው የጋሽ ካሳው ልጅ ተሻገር ወደ አፊያ ጠጋ አለ። ስምንተኛ ክፍል አብረው ነው የሚማሩት፤ ሰኞ ክፍል ውስጥ የሚወራውን ወሬ የሚያመጣው ሁልጊዜ እሱ ነው።

«አባትሽ ያን የሚያክል ኩይሳ ከሳተ ለዳንግላ ሰው ደውለን እናስጠንቅቅ እንዴ?» አላት በሹክሹክታ።

«አፍህን ዝጋ» አለችው። «የእኔ አባት ከአንተ የተሻለ ይመታል።»

«እናያለና!»

መጀመሪያ ጋሽ ካሳው ተኮሱ። ድምፁ እንደ ደረቅ እንጨት ስብራት ጧ ብሎ ቀረ። ጠመንጃውን ከፍተው ባዶ መሆኑን ካሳዩ በኋላ አፊያን «ሂጂ» አሏት። ሮጣ ሄዳ አየች። ቀዳዳው ከክቡ ውስጥ ነበር። «ገብቷል!» ብላ ጮኸች።

ቀጥሎ ኑርሁሴን በአጭሯ ተኮሰ። አፊያ እንደገና ሮጠች።

ካርቶኑ ላይ ያለው ያው የጋሽ ካሳው ቀዳዳ ብቻ ነበር። ዙሪያውን አየች፤ ገልብጣም አየችው። ከዚያ ኩይሳው ላይ፣ ከካርቶኑ በጣም ርቆ፣ ከራሷ ቁመት በላይ አዲስ የተቦረቦረ አፈር ታያት።

«እህ፣ የት ነው?» ሲል ተጣራ አባቷ። ዓይኑን አጥብቦ አንገቱን አስግጓል።

ተሻገር አፉን በእጁ ሸፍኖ ነበር። አፊያ ሰኞን አሰበች፤ የክፍሉን ሳቅ። ባለፈው ዓመት ዝንጀሮ በቆሎውን ሲጨርስበት የመንደሩ ሰው በአባቷ ላይ እንዴት እንዳሾፈም አሰበች። እጇ ኪሷ ገባ። በጀርባዋ ካርቶኑን ጋርዳ በስክርቢቶው የክቡን ጫፍ ወጋችው። የስክርቢቶ ቀዳዳና የትንሿ ጥይት ቀዳዳ አይለያዩም።

«መትተሃል፣ አባ!» ብላ ጮኸች። «ክቡ ጫፍ ላይ!»

አባቷ ሲስቅ ከዚያ ድረስ ተሰማት። ጋሽ ካሳው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «እሺ፣ ዛሬ እደርበትና ነገ ጠዋት ስትመጡ የቱን እንደመረጥኩ እነግራችኋለሁ» አለ ኑርሁሴን። ሲለያዩ ካርቶኑን ራሱ አንስቶ በብብቱ ያዘው።

ቤት ሲደርሱ ለሚስቱ ለከዲጃ አሳያት።

«አንዱ የካሳው፣ አንዱ የእኔ ነው! ዓይንህ ደክሟል ስትዪኝ አልነበር?»

ከዲጃ ካርቶኑን አልነካችውም። የእሷ ልብ ከነገር ሁሉ ክፉውን አስቀድሞ ያያል፤ ልጆቿ ወንዝ ሲሄዱ ጎርፍ፣ መኪና ሲሳፈሩ ገደል ነው የሚታያት። «ጥይት ዘመድ አያውቅም» አለች። «የት ልታንጠለጥለው ነው? ልጆቹ የማይደርሱበት ቦታ አለ በዚህ ቤት?»

«ቆልፌ አስቀምጠዋለሁ። ይልቅ ስሚኝ፤ እኔ ማማው ላይ እሆናለሁ። ሙስዐብ ከታች በኩል በቆሎው ውስጥ ገብቶ ያባርራቸዋል። ሲወጡ እኔ እጠብቃቸዋለሁ።»

«እኔ አባርራለሁ!» አለ የአፊያ ታናሽ ወንድም ሙስዐብ እየዘለለ። ገና ስምንት ዓመቱ ነው።

አፊያ ያነሳችውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰችው። ኩይሳው ላይ ያየችው የተቦረቦረ አፈር መጣባት። ከካርቶኑ ስንት ክንድ ይርቅ ነበር? ሙስዐብ ከካርቶን ይሰፋል፣ አባቷ ያየዋል ብላ ልትጽናና ሞከረች፤ ማሰቧ ራሱ አስደነገጣት።

ከአስር ሰዓት በኋላ በቆሎውን ለመጠበቅ ከአባቷ ጋር ማማው ላይ ወጣች። ማማው ከአራት ወፋፍራም ግንዶች ላይ የተሠራ መደብ ነው፤ ከላዩ በሣር ተከድኗል። ከዚያ ሆኖ ማሳው በሙሉ ይታያል። ሙስዐብ ለእራት የሚጠበስ እሸት ሊሸለቅቅ ቡናማ ሹራቡን ለብሶ ከታች ገብቷል።

ነፋስ የለም። አባቷ ወንጭፉን ጭኑ ላይ አድርጎ ስለ ጅግራ ሥጋ ያወራላት ነበር። ድንገት ዝም አለ። ከማሳው ዳር በቆሎው ተነቃነቀና አንድ ቡናማ ነገር ጎንበስ ቀና አለ።

«መጣ ሌባው» አለ በቀስታ፤ ድንጋዩን ወንጭፉ ውስጥ አደረገ።

አፊያ ሹራቡን ለየችው። «አባ...» ብላ አፏን ስትከፍት ወንጭፉ ዞሮ ተለቀቀ። ድንጋዩ ከሙስዐብ ጆሮ አጠገብ ያለውን የበቆሎ አገዳ ቀነጠሰው። ቡናማው ነገር ደንግጦ ቁጢጥ አለ።

«አየሽው? እንዴት እንደሸሸ!» አለ አባቷ።

አፊያ የማማውን ጠርዝ ይዛ ወደ በቆሎው አየች። ጥቂት ቆይቶ ሙስዐብ እሸቱን በሁለት እጁ አቅፎ ከበቆሎው ወጣና ወደ ማማው ቀና አለ።

«አባ፣ ድንጋይህ አጠገቤ ወደቀ እኮ! ዝንጀሮው የት ነበር?»

ኑርሁሴን ቡናማውን ሹራብ ትኩር ብሎ አየ። «ከኋላህ» አለው። «በል እሸቱን ለእናትህ አድርስ።»

ሙስዐብ እያፏጨ ወደ ቤት ሄደ። አባቷ ወንጭፉን ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። አፊያ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። አሁን ካልተናገረች ነገ ጋሽ ካሳው ይመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በወንጭፍ ፋንታ ሌላ ነገር ይሆናል። እንዳይከፋው ብላ ነበር የዋሸችው። እንዴት ብላ ትንገረው? የትኛውንም ቃል ብትመርጥ ያቆስለዋል።

«አባ» አለች፣ «ካርቶኑ ላይ ያለውን ቀዳዳ እኔ ነኝ የበሳሁት። በስክርቢቶ።»

አባቷ ወንጭፉን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ጥይትህ ኩይሳው ላይ ነው ያረፈው። ከካርቶኑ በጣም ርቆ። ተሻገር እንዳይስቅብህ ብዬ ነው።» ቀና ብላ አየችው። «ይቅርታ አድርግልኝ።»

አባቷ ሙስዐብ የወጣበትን የበቆሎ ዳር አየ። ተቆጥቶ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«ሙስዐብ ኋላ ዝንጀሮ ነበር?»

«አልነበረም።»

ወንጭፉን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ከማማው ወረደ። መሰላሉን ሲወርድ እግሩ እያንዳንዱን ርብራብ እየዳሰሰ ነበር። አፊያ ይህን ከዚህ በፊት ልብ ብላው አታውቅም፤ ወይም ልብ ማለት አልፈለገችም። ያን ማታ እሸት ሲበላም፣ ሊተኛ ሲሄድም ምንም አልተናገረም። ከዲጃ ሁለት ጊዜ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። «ደህና ነኝ» አላት።

ጠዋት የሞተር ሳይክሉ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ አፊያ ግቢ እየጠረገች ነበር። አባቷ ከቤት ወጥቶ ከግድግዳው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን ታጥቧል፤ ኮፍያውንም አድርጓል። አላያትም።

«በሩን ክፈቺላቸው» አላት።

ከፈተች። ጋሽ ካሳው ሁለቱን ጠመንጃዎች በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ተሻገር ከኋላቸው ወርዶ ወደ አፊያ ጥቅሻ ጣለ።

«እንዴት አደራችሁ! እንዴት ነው፣ የዒላማው ጀግና?» አሉ ጋሽ ካሳው። «የቱን መረጥክ? ረጅሟን ወይስ አጭሯን?»

«እንዴት አደርክ ካሳው። ተቀመጥ እስኪ» አለ ኑርሁሴን።

አፊያ መጥረጊያውን ይዛ ቆመች። አባቷ ምን እንደሚል አታውቅም። እውነቱን ቢናገር ተሻገር ይሰማል፤ ነገ ሰኞ ነው። ዋጋ አልተስማማኝም ብሎ ቢያልፈው ማንም አያውቅበትም፤ እሷም አትፈርድበትም። ግን የሚቀጥለው ሻጭ ሲመጣስ? ከቤት ውስጥ እናቷ ውሃ እንድትቀዳ ትጠራታለች። ጀሪካኑን አንስታ መሄድ ትችላለች፤ ማንም ምን ሆነሽ አይላትም።

«ምን መሰለህ ካሳው...» አለ አባቷ፤ ቀጥሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዳንግላ የዓይን ሐኪም አለ ይላሉ። የት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«የዓይን?» ጋሽ ካሳው ግራ ገባቸው። «ለማን?»

ተሻገር ሳቁን ሊለቅ እንደተዘጋጀ ሰው አንዴ አባቷን፣ አንዴ እሷን አየ።

አፊያ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ሄዳ ድንጋዩ ላይ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠችና ተሻገርን ዓይን ዓይኑን አየችው።