የሰባተኛው አግዳሚ ባለቤት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1867 ዓ.ም. በወርኃ መጋቢት፣ የደላዌር ወንዝ በረዶ ተሰባብሮ ወደ ባሕር በሚወርድበት ሰሞን፣ በፊላደልፊያ የቅዱስ በርናባስ ደብር አንድ ፊርማ ይጠበቅ ነበር። በዚያ ቤተ ክርስቲያን አግዳሚዎቹ በሳንቃ የታጠሩ፣ በር ያላቸው፣ እንደ ርስት በውል የሚያዙ ነበሩ፤ ውል የሌለው ድኻ ከኋላ ይቆማል፤ ጥቁር ምእመን በጠባቡ ደረጃ ወደ ሰገነቱ ይወጣል። አዲሱ አለቃ ቄስ ሴጅዊክ ሳንቃውም ሰገነቱም ፈርሶ ሁሉም በአንድ ወለል እንዲቀመጥ ወጠኑ፤ ባለውሎቹም አንድ በአንድ ፈርመው ለቀቁ። የቀረው የሰባተኛው አግዳሚ ባለቤት ብቻ ነበር፤ እርሱም ጥቁር ነው።

ቴዎፍሎስ ፐርኔል ይባላል። አባቱ ሳይለስ የደብሩ ደወል ደዋይ ነበር፤ አንድ የፋሲካ ጧት ራሱን አዙሮት ሰባተኛው አግዳሚ ላይ አረፍ ቢል፣ የአግዳሚው ባለቤት አቶ አምብሮዝ ዌዘሪል በኮሌታው ጎትተው በጉባኤው ፊት አስወጡት፤ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ቀና ብሎ አልሄደም። ልጁ በስኮትላንድ ሕግ ሲማር ያችን ጧት አንድ ቀንም አልረሳትም። ዌዘሪል አግዳሚውን የሠርግ ስጦታ አድርገው ለእህታቸው ልጅ ሰጥተውት ነበርና፣ ቴዎፍሎስ በተመለሰ በወሩ ከዚያ ቀበጥ ጎረምሳ ውሉን ገዛው።

ቄስ ሴጅዊክ ሊለምኑት መጡ።

«አቶ ፐርኔል፣ ይህ እኮ ለእርስዎ ወገን የሚደረግ ነው።»

«እፈርማለሁ፣ አባቴ። አቶ ዌዘሪል አንድ እሑድ ሰገነት ላይ ወጥተው ጸሎቱን እዚያው ይጨርሱ፤ እናቴ በድሮ ቦታቸው፣ በሰባተኛው አግዳሚ ትቀመጥ።»

«ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውም...»

«የእናቴም ጉልበት ከብረት አልተሠራም።»

«ይህ በቀል ነው።»

«ሌላ ስም መቼ ሰጠሁት?»

ዌዘሪል ባሮችን ነጻ ካወጣው ጦርነት ወዲህ የነጻነት ወዳጅ ተብለው የሕንጻው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ነበር፤ ሥራው በእርሳቸው ሰበብ ቀረ መባልን ፈርተው እሺ አሉ።

እሑድ ቴዎፍሎስ የሰባተኛውን አግዳሚ በር ለእናቱ ለቀዝያ ከፈተላት።

«እማዬ፣ ግቢ። ያንቺ ነው።»

«አባትህን የገደለው ሳንቃው መሰለህ? የሰው ዓይን ነው። ዛሬ ደግሞ እኔን ይዩኝ?» አለችው። «አንተው ተቀመጥበት፤ እኔ ከለመድኩት ቦታ አይሃለሁ።»

ወደ ሰገነቱም ወጣች። ከደረጃው ላይ ድምፅዋ ለጉባኤው ሁሉ ተሰማ፤ «ቀስ ይበሉ፣ አቶ ዌዘሪል፤ ሦስተኛዋ እርከን ትወዛወዛለች። ያሠሩልን ብለን ከለመንዎት ሃያ ዓመታችን ነው።»

ስድስት ሰው በሚይዘው አግዳሚ ቴዎፍሎስ ብቻውን ተቀመጠ። ዞር ብሎ ሽቅብ ቢያይ ሽማግሌው ላባቸውን ይጠርጋሉ፤ እናቱ የጸሎት መጽሐፏን ወደ እርሳቸው አስጠግታለች። እርሱ የፈለገው እፍረት በፊታቸው ላይ ይኑር አይኑር ከታች ሆኖ መለየት አልቻለም፤ ሆኖም ደስ አለው፤ አልተጸጸተምም። ሰኞ የተስማሙበትን ነገር በውሉ ጀርባ ጽፎ ፈረመ።

በሰኔ ሳንቃውና ሰገነቱ ፈረሱ፤ ውሎቹም ሁሉ በአጸዱ ውስጥ በአንድነት ተቃጠሉ። ከዓመት በኋላ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ የናስ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ «አምብሮዝ ዌዘሪል፤ በገዛ ፈቃዱ ወደ ሰገነት ወጥቶ ከጥቁር ወንድሞቹ ጋር በመጸለይ የትሕትና አርአያ የሆነ» ይላል።

ቴዎፍሎስ ይነሣልኝ ብሎ አመለከተ።

«ሐሰት መሆኑን አውቃለሁ» አሉት ቄሱ፤ «ነገር ግን ለሕዝቡ ይጠቅማል። ደግሞስ ማስረጃዎ ምንድን ነው?»

የሕግ ሰው ነበርና ነገሩ ወዲያው ገባው፤ ማስረጃውን ፈርሞ ለእሳት የሰጠው ራሱ ነው። ሰሌዳው ዛሬም አለ፤ ጎብኚዎችም ቆመው ያነቡታል። የሳይለስ ፐርኔል ስም በየትኛውም ግድግዳ ላይ አልተጻፈም።