እኔን ነው ወረቀቱን?

ኢምዳድ ኒጋርን በአካል ከማግኘቱ በፊት ሦስት ዓመት ሙሉ ፊቷን ያውቀው ነበር። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ፣ ከመንግሥት ፈቃዱ ጎን፣ በመስታወት የተሰቀለ የፋርማሲስት የምስክር ወረቀት አለ። ጥጉ ላይ ጉርድ ፎቶ ተለጥፏል። ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ግንባሯን ቋጥራ ነው የምታየው።

እኔ ፊት ለፊቱ መነጽር እሸጣለሁ። በእኛ ከተማ በሱኩር ገበያ ይህ ማንንም አይገርምም። ሕጉ ያለ ፋርማሲስት መድኃኒት ቤት አይከፈትም ይላል፤ ባለሱቁ ደግሞ ፋርማሲስት አይደለም። ስለዚህ ወረቀት ይከራያል። አምስት ዓመት የተማረችው ልጅ ቤቷ ትቀመጣለች፣ ወረቀቷ ሥራ ይውላል። የኒጋርን ወረቀት ያከራየው ታላቅ ወንድሟ ሙምታዝ ነው። ወር በገባ ቁጥር ይመጣል፣ ኪራዩን ኪሱ ይከታል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። እሷን የጠየቃት ሰው መኖሩን እንጃ።

ባለፈው ዓመት የመንገድ ማስፋፊያው መጣና የኢምዳድ በር ላይ የማፍረሻ ቀይ መስመር ተሰመረበት። ኢምዳድ ብዙም አልደነገጠም። በዚያው ረድፍ፣ አርባ እርምጃ ብቻ ራቅ ብሎ፣ ደህና ክፍል አገኘ።

«በጋሪ ግማሽ ቀን ቢፈጅብኝ ነው» አለኝ።

ሕጉን ያነበበው ከዚያ በኋላ ነው። ፈቃድ ለቦታ እንጂ ለሰው አይሰጥም። አርባ እርምጃም ሂድ አርባ ኪሎ ሜትር፣ እንደ አዲስ ታመለክታለህ። ክፍሉ ይለካል፣ ፍሪጁ ይፈተሻል፣ ፋርማሲስቷም ራሷ ተቆጣጣሪው ፊት ቀርባ በአውራ ጣቷ ትፈርማለች።

በዚህ ምክንያት ኒጋር መጣች። ሙቀቱ አናት በሚበሳበት በሰኔ ወር፣ ከወንድሟ ኋላ ኋላ እየተራመደች ወደ አዲሱ ክፍል ገባች። ከቦርሳዋ ነጭ ጋዋን አወጣችና ለበሰች። ከተመረቀች ጀምሮ ታጥፎ የኖረ ስለሆነ እጥፋቱ አልለቅ ብሎ ነበር።

«እንኳን ደህና መጡ ዶክተር ሳሂባ» አለ ኢምዳድ፣ እመቤቴ እንደማለት፤ ምላሱ ተሳስሮ።

እሷ ፍሪጁን ከፍታ እያየች ነበር። «ወንድሜ፣ ኢንሱሊኑን ከበሩ ላይ ያንሱት» አለችው ኢምዳድን።

«ምን አደረገ?»

«በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃላ! ሦስት ዓመት ሙሉ በእኔ ስም ሙቅ ኢንሱሊን ሲሸጡ ነው የኖሩት?»

ክፍሉን ሊለካ የመጣው ተቆጣጣሪ ሳቁ አመለጠው። «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ገና ፋርማሲስት አገኘህ» አለው። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ለሦስት ወር ጊዜያዊ ፈቃድ ጻፈለት። በየቀኑ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት እሷ ራሷ ወንበሯ ላይ መገኘት አለባት። «ሳልናገር ነው የምመጣው። አንድ ቀን ካጣኋት አሽጌው እሄዳለሁ።»

ሙምታዝ አጉረመረመ። ኪራዩ ሲጨመርለት ግን ዝም አለ።

እነዚያ ሳምንታት የገበያችን ደግ ሳምንታት ነበሩ። «ፎቶዋ ከግድግዳ ወርዳ መጣች» እያለ ሰው ሁሉ ሊያያት ይጎርፋል፤ ራሱን ያላመመው ሁሉ የራስ ምታት ክኒን ይገዛል። እሷ ደግሞ ቀላል ሰው አልነበረችም። አንቲባዮቲክ ሁለት ፍሬ ብቻ የሚጠይቀውን በቁጣ ትመልሰዋለች፤ ነፍሰ ጡሮቹን ወንበር ስባ አስቀምጣ ታናግራለች። ኢምዳድ በገዛ ሱቁ ተላላኪ ሆነ። ደስ ብሎትም ነበር።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ፣ በደጃፉ ጥላ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«እህቴ፣ ፎቶው ላይ ምን ሆነው ነው እንደዚያ የተቆጡት?»

«ፎቶ አንሺው ከሳቅሽ ቢሮው አይቀበለውም ብሎኝ ነው።»

«እኔ ደግሞ እኔን የሚቆጡኝ እየመሰለኝ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መሸጥ ፈርቼ ኖርኩልዎ!»

ኒጋር በሻርፗ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። ኢምዳድ ፈዞ ቀረ። እኔም ሻዬን ጨረስኩና እንዳላየ ሆኜ ወደ መነጽሮቼ ሄድኩ።

በእኛ ዘንድ ወንድ የማትዛመደውን ሴት «እህቴ» ሳይል አያናግርም። በአምስተኛው ሳምንት ግድም ኢምዳድ ይህን ተወ። በምንም ስም አይጠራትም፤ ሊያናግራት ሲፈልግ ይስላል። እሷም አላለፈችውም።

«እህቴ ማለት ተውክ።»

«ተውኩ።»

«ሰው ይሰማል እኮ።»

«ድሮም ይሰማ ነበር፤ ውሸቴን።»

ኒጋር ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያነሳች ትወለውል ጀመር፤ የተወለወሉትን እንደገና።

ሦስተኛው ወር ሲገባ ወሬው መጣ። ሙምታዝ እህቱን ለአጎታቸው ልጅ ሊድራት ቃል ሰጥቷል። ሙሽራው ካራቺ ውስጥ መድኃኒት ቤት ሊከፍት ነው፤ ፈቃድ ለማውጣት የጎደለው ፋርማሲስት ብቻ ነው። ይህን የነገረችው ኒጋር ራሷ ናት፣ ጀርባዋን ሰጥታ።

«እናቴን ለሽምግልና ልላካት?» አላት ኢምዳድ።

ኒጋር ዞር አለች። «እኔን ነው ወረቀቱን?»

ያን ቀን ማታ ሱቁን ሲዘጋ ፊቱ ጠቁሮ አገኘሁት።

«ታዲያ ምን አልካት?» አልኩት።

«ምን እላለሁ? ብምልላት እንኳ ፈቃዱ ከጀርባዬ ተሰቅሏል። እንዴት ታምነኛለች?»

እናቱን ግን ላከ። አሮጊቷ የጣፋጭ ሳጥን ይዘው ሄዱ፤ ሙምታዝ ሳጥኑን እንኳ አልከፈተውም። «ልጅዎን ኪራይ መረረው እንዴ? ሚስት ካደረጋት በነጻ ልትሆንለት!» ብሎ ሳቀባቸው። እናቲቱ እያለቀሱ ተመለሱ። ከማግስቱ ጀምሮ ኒጋር ከቤት እንዳትወጣ ተከለከለች።

በሦስተኛው ቀን ሙምታዝ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። መልቀቂያ ነው። ሕጉ አንድ ፋርማሲስት በሁለት ቦታ እንዲመዘገብ አይፈቅድም። ኢምዳድ ፈርሞ እስኪለቃት ድረስ የካራቺው ቢሮ አይቀበላትም።

«ፈርም» አለው ሙምታዝ።

«ልሰብበት» አለ ኢምዳድ።

አሰበበት፤ ያሰበውን ሲነግረኝም በመጨረሻ እኔም ልክ መሰለኝ። «ይኸውልህ ወንድሜ፣ እፈርማለሁ። ሱቁ ይታሸግ። ፈቃዱንም እመልሳለሁ። ከዚያ እናቴ እንደገና ትሄዳለች። ሱቅ የሌለው ሰው የፋርማሲስት ወረቀት ምን ያደርግለታል? ያኔ ማንም አይስቅብኝም፤ እሷም ታምነኛለች።»

«አብደሃል? ምን በልተህ ልታድር ነው?»

«የሰው ሱቅ እቀጠራለሁ።»

መልቀቂያው ምስክር ይፈልጋል። እኔም ሞኙ አንጀቴን በላኝና ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። እስከ ዛሬ ያ እስክሪብቶ በእጄ ሲሰበር በሕልሜ አያለሁ።

ሁለት ቀን ቆይተው እናቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሄዱ። የሙምታዝ ደጅ ድንኳን ተተክሏል። የኒጋርና የአጎቷ ልጅ ኒካህ፣ የጋብቻ ውላቸው፣ የታሰረው በዚያው ቀን ነው።

ከሳምንት በኋላ ፈቃዱን ለመመለስና የኒጋርን ስም ለማስነሳት ኢምዳድና ራሷ ቢሮ መቅረብ ነበረባቸው። እኔ በምስክርነት ሄድኩ፤ ሙምታዝ እህቱን ይዞ መጣ። ጸሐፊው የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ በሦስት በሦስት አምጡ ሲል ሙምታዝ እየተሳደበ ወጣ። ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ሦስታችን ቀረን። እኔ ተነስቼ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመርኩ፤ አንድም ፊደል አልታየኝም።

የኒጋር እጆች እስከ ክርኗ የሙሽራ ሂና ተቀብተው ነበር።

«ለምን ፈረምክ?» አለችው።

«ወረቀቱን እንዳልፈለግኩ እንድታውቂ።»

«አውቅ ነበር።»

«ጠየቅሽኝ እኮ! እኔን ነው ወረቀቱን አልሽኝ።»

«ቀልዴን ነበር ኢምዳድ። ስስቅ አላየኸኝም?»

«መሬት መሬት ነበር የማየው።»

ኒጋር ስትናገር ድምጿ ከሹክሹክታ አልፎ አልወጣም።

«ወንድሜ ሲጮህብኝ ቀንም ሌትም የምለው አንድ ነገር ነበር። ኢምዳድ አይፈርምም እለዋለሁ። ካልፈረምክ ካራቺ አይመዘግበኝም። ካልተመዘገብኩ የአጎቴ ልጅ ምን ያደርገኛል? ሌላ ፋርማሲስት ፈልጎ ያገባል። አንድ ወር፣ ሁለት ወር ቢቆዩ ይሰለቻቸዋል ብዬ ነበር። በምንም አልተማመንኩም፤ በአንተ እምቢታ ብቻ ነው የተማመንኩት።»

ኢምዳድ እጁን አግዳሚው ላይ፣ ከእጇ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጎ አኖረ። አላስጠጋውም። የሰው ሚስት ናት።

እኔ ወደ ግድግዳው እንደዞርኩ ማልቀሴን ለምን እደብቃለሁ? አልቅሻለሁ።

ሙምታዝ ፎቶ ኮፒውን ይዞ ሲመለስ ጸሐፊው ጠራን። ከቅጹ እያነበበ ይጠይቃል፣ መልሱን ይሞላል፤ ቀና ብሎ ማንንም አያይም።

«ፋርማሲስቷ በመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ላይ ያላት ቅሬታ?»

«የለም» አለች ኒጋር።

«ባለቤቱ ፋርማሲስቷ በመልቀቋ ላይ ያለው ተቃውሞ?»

የኢምዳድ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። የጣሪያው ማራገቢያ እየተንቋቋ ነበር።

«አልሰማሁህም» አለ ጸሐፊው። «ሳልሰማ አልጽፍም፤ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ድገመው።»

ኢምዳድ በዚህ ጊዜ መሬት አላየም፤ እሷን እያየ፣ «ተቃውሞ የለኝም» ሲል ደገመው።