የመጨረሻው ሱብሂ

የሰላህ ሬሳ ከአፋር በረሃ ተጭኖ ባሕር ዳር ሲገባ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው በውሃ ጥም ሞተ መባሉ ለሰሚው ሁሉ ግራ ነው። ሹፌሩ ሀዲስ ውሃ አጉድሎ ጭኗል ተብሎ ታሰረ፤ ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ኢንስፔክተር ወለላ ግን ወሬ ቶሎ የሚዋጥላት ሴት አይደለችም። መጀመሪያ ሀዲስን አነጋገረች።

«ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ሞልቼ ነው የጫንሁ» አለ። «አፋር፣ የዱር እንስሳት ፓርክ ውስጥ፣ ተራራ ሥር መኪናው ተበላሸ። ሰላህንና ጓደኛውን ካሊድን ከነውሃው ትቼ እርዳታ ፍለጋ በእግሬ ሄድሁ። በሦስተኛው ቀን ከፓርኩ ጥበቃዎች ጋር ስመለስ ሰላህ ሞቷል፤ ጀሪካኑም ባዶ ነው።»

ካሊድ ፋሲሎ ሰፈር ካለው ሱቁ ሳይነሣ መለሰላት።

«ጀሪካኑ ግማሽ ነበር። የቀረችውንም ሰላህ በሞተበት ጠዋት ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሰላት፣ ታጠበባት። ተው ብለው እንቢ አለኝ።»

ወለላ የፓርኩ ጥበቃ ያነሣውን የሬሳውን ፎቶ ይዛ ግሽ አባይ ሰፈር፣ የሟቹ እኅት ሱምያ ቤት ሄደች። ፊቱና እስከ አንጓው ድረስ እጁ ስስ ቀይ አቧራ ለብሷል። ሱምያ ፎቶውን አይታ አለቀሰች።

«ከካሊድ ጋር ጠብ ነበራቸው?»

«ካሊድ ሊያገባኝ ለምኖት ሰላህ እንቢ ብሎት ነበር። ጉዞው የእርቅ ነው አሉኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በሱምያ ሳሎን ተሰበሰቡ። ሀዲስ በካቴና ነው። ሐይቁ ላይ ሰማዩ ጠቁሯል፤ የቀረበላቸውን ውሃ የነካ የለም።

«ካሊድ፣ ሰላህ ታጠበ ብለሃል» አለች ወለላ። «ታዲያ ይህ አቧራ ከየት መጣ?»

«በረሃ አይደል? አቧራ ሞልቷል።»

«ክንዱ ላይ ግን የለም። ሱምያ፣ ንገሪው።»

«ተየሙም ነው» አለች ሱምያ። «ውሃ ያጣ ሰው በንጹህ አፈር ፊቱንና እጁን አብሶ ይሰግዳል። ወንድሜ በመጨረሻው ሱብሂ ውሃ አልነበረውም።»

«አንተም ታውቀዋለህ» ቀጠለች ወለላ። «ግን ጣና ዳር ኖረህ በአፈር ሰግደህ አታውቅም፤ ስትዋሽ የመጣልህ የለመድኸው መታጠብ ነው። ደግሞ ጥበቃዎቹ ባገኟችሁ ቀን የመረመረህ ሐኪም የውሃ ጥም ምልክት አላየሁበትም ብሎ ጽፏል። ሰላህ በጥም ሲቃጠል አንተ ትጠጣ ነበር።»

ወለላ የሀዲስን ካቴና ስትፈታ ካሊድ አንገቱን ደፋ።

«እንዲሞት አልነበረም» አለ። «ጀሪካኑን ድንጋይ ሥር ደብቄ፣ ፈሰሰ አልሁት። እኔ እንደለመንሁት እንዲለምነኝ ነበር የፈለግሁ። ሲለምነኝ እሰጠው ነበር፣ ወላሂ።»

«ለመነህ?» አለች ሱምያ።

«አልለመነኝም። ‹አንተስ ጠማህ ወይ?› ብቻ ነው ያለኝ።»