የትኋን ዘመድ

«ጠረጴዛውን አትነቅንቀው! ጠፋብኝ እኮ!»

ሚጢጢ አንድ ዓይኗን ጨፍና ማይክሮስኮፑ ላይ ተለጥፋለች። ከክፍሉ ልጆች ሁሉ አጭር ስለሆነች ነው ሚጢጢ የሚሏት፤ የሳይንስ ክበቡ ቁልፍ ግን በእሷ እጅ ነው። ነገ ኤግዚቢሽን አለ። ከትምህርት ቤቱ ግቢ የሰበሰቧቸው ጉንዳኖች በየዓይነታቸው ካርቶን ላይ ተደርድረዋል። ያልተደረደረው አንድ ብቻ ነው፤ ጠረጴዛውን ተደግፎ የቆመው ጓደኛዋ ፈጣኑ ከአጥሩ ሥር ያገኘው ወገበ ቀጭን ጉንዳን። ፈጣኑ «ብርቅዬ ጉንዳን አገኘሁ» ብሎ ያላወራለት ሰው የለም።

ሚጢጢ መብራቱን ወደ ጎን አዞረች። ልቧ ድው ድው ይል ጀመር።

«ይሄ ጉንዳን አይደለም!»

«ሙድ አትያዢብኝ።»

«ና እየው! የጉንዳን አንቴና እንደ ክርን ይታጠፋል፤ የዚህ ቀጥ ያለ ነው። ወገቡም ቢሆን የውሸት ነው! ግራና ቀኙ ላይ ነጭ ምልክት ስላለ ነው ቀጭን የሚመስለው። ሸውዶናል!»

በመርፌ ጫፍ ቀስ ብላ በጀርባው ገለበጠችው። መንጋጋ ሊኖር በሚገባው ቦታ፣ የሾለ መምጠጫ ደረቱ ሥር ታጥፎ ተኝቷል። ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«የትኋን ዘመድ ነው! እንዳይበሉት ጉንዳን መስሎ ነው የሚኖረው!»

ፈጣኑ አልተገረመም። ጆሮውን ማከክ ጀመረ።

«አውቄ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ቅጠል ሲመጥ አይቼዋለሁ። ግን ቲቸር ለዳይሬክተሩ ሳይቀር ነግረውልኛል። አንቺም ዝም በይ፣ በናትሽ። ማን ያውቅብናል?»

ሚጢጢ ልትቆጣው አሰበች። ቁጣው ግን እምቢ አላት፤ ዓይኗ እያመለጠ ወደ ሌንሱ ይሄድባታል።

«አንተ ጅል!» አለች ሳቋ እያመለጣት። «ጉንዳንማ ማንም ያገኛል። እኛን ያታለለ ጉድ ይዘህ ትደብቃለህ?»

ኮሪደሩ ላይ የመምህሩ ኮቴ ተሰማ። ፈጣኑ በሩን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። ሚጢጢ ግን ወስናለች፤ እሱ ካልተናገረ ራሷ ትናገራለች፤ መጀመሪያ ግን ዕድሉ የእሱ ነው። ከማይክሮስኮፑ ፈቀቅ ብላ ቦታውን ለቀቀችለት።

በሩ ተከፈተ።

«እህ፣ ጉንዳኖቻችን እንዴት ናቸው?» አሉ መምህሩ።

ፈጣኑ ወደ ማይክሮስኮፑ ተጠጋ።

«ቲቸር፣ ይምጡ እስቲ» አለ። «መጀመሪያ አፉን ይዩት።»