ከታንከሩ የጠጣው አንድ ሰው

ሃርላን ዳይክሃውስ ዕድሜውን ሙሉ ቢራ እንኳ ቀምሶ አያውቅም። ቅዳሜ ቀትር ላይ ግን በካምፑ መሐል እንደ ሰካራም ሲንገዳገድና ምላሱ ሲተሳሰር ያዩት ሰፋሪዎች ሳቁበት። ሚስቱ ማርሊስ አልሳቀችም። ደግፋ አስተኛችው፤ ማምሻውን ትንፋሹ ሲከብድበት አምቡላንስ ጠራች። ሰኞ ጠዋት ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ሐኪሙ በደሙ ውስጥ የተገኘው መጠጥ ሳይሆን ኩላንት፣ ያ የመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ መሆኑን ነገራት። ጣፋጭ ስለሆነ ሰው ሳይታወቀው ይጠጣዋል አላት።

ማክሰኞ መርማሪ ቬርና ሁክስትራ ሐይቁ ዳር ወዳለው ካምፕ መጣች። አጠር ያለች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሰው ሲያወራ መሬት መሬት የምታይ ሴት ናት። የሃርላን ተጣጣፊ ተጎታች ቤት ጣሪያው ወደ ላይ ተነሥቶ፣ የሸራ ክንፎቹ ግራና ቀኝ ተዘርግተው እንደነበረ ቆሟል። ዙሪያውን የፖሊስ ጥብጣብ ታስሯል። ከጎኑ የሟቹ ወንድም የሎረን ድንኳን፣ ከዚያ ወዲያ የቤተሰቡ የቆየ ወዳጅ የደልበርት ድንኳን ተተክሏል። ሌላ ሰው በአጠገባቸው አልሰፈረም።

መርማሪዋ ከሁሉ አስቀድማ ማርሊስን ወደ ውስጥ ይዛት ገባች።

«ወይዘሮ ማርሊስ፣ ይህን የዕቃ ማጠቢያ እንዴት እንደምትጠቀሙበት ያሳዩኝ። ምንም እንደማላውቅ አድርገው።»

ማርሊስ አሳየቻት። ከትንሿ ገንዳ በላይ ሁለት የውሃ መውጫ አለ። አንደኛው ተራ ቧንቧ ነው፤ ከውጭ የካምፑ ውሃ በጎማ ሲገናኝለት ብቻ ይፈሳል። ሁለተኛው የእጅ ፓምፕ ነው፤ እጀታውን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ከመቀመጫው ሥር ካለው ታንከር ይስባል። እጣቢው በቱቦ ወጥቶ ደጅ ያለ ባልዲ ውስጥ ይወርዳል። የካምፑ ውሃ ዝገት ዝገት ስለሚለው ሃርላን ታንከሩን ቤታቸው ካለው ጉድጓድ እስከ አፉ ሞልቶ ይመጣል፤ የጠዋት ቡናውንም ከዚያ ብቻ ያፈላል። እሷ ሻይ ነው የምትጠጣ፤ ውሃዋንም ከጎማው ቧንቧ ትቀዳለች። ሎረን ቡና አይወድም።

«ታዲያ ቡናውን ከባለቤትዎ ጋር የሚጠጣ ማን ነው?»

«ደልበርት ነዋ! ሃያ ዓመት አብረው ጠጥተዋል። ቅዳሜ ዕለት ግን ሆዴን አሞኛል ብሎ ተወው።» ይህን ስትል ማርሊስ ምንም አልጠረጠረችም። እንዲያውም ደልበርት በመትረፉ አምላኳን አመሰገነች።

መርማሪዋ ግድግዳው ላይ የታንከሩን መጠን የሚያሳዩትን ትንንሽ መብራቶች ተጫነቻቸው። አንዳቸውም አልበሩም። ማርሊስ መብራቶቹ ከተቃጠሉ ዓመታት እንዳለፉ፣ ሃርላንም ዛሬ ነገ እያለ ሳይጠግናቸው እንደቀረ ነገረቻት። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ።

ሎረን ሲጠየቅ ፊቱ እንደ ፍም ነበር። መካኒክ ነው፤ ከመኪናው ጀርባም ግማሹ የጎደለ የኩላንት ጀሪካን ተገኝቷል። ገና ሲመጣ ያልተከፈተ እንደነበር፣ የመኪናውንም በር እንደማይቆልፍ ማለ። ከወንድሙ ጋር ይጨቃጨቁ እንደነበር አልካደም፤ ጨቅጫቃ ወንድም የሌለው ማን አለ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ። ሐሙስ ምሽት ዓሣ ሊያጠምድ ወርዶ ሳለ ሃርላንና ደልበርት ውሃው ዳር ቆመው ነበር። ሃርላን ጀርባውን ሰጥቶት «እስከ እሁድ። ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ እነግራታለሁ» ሲል ሰምቷል። ምን እንደሆነ አያውቅም።

ደልበርት ሲጠየቅ ከማርሊስ ጎን ተቀምጦ እጇን ይዞ ነበር። ረጅም፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነው። ከእነሱ ጋር ያልዋለበት ሐዘን የለም። የማርሊስና የሃርላን አንድ ልጅ ኩርት በዚሁ ካምፕ መንገድ ላይ ብስክሌት ሲነዳ መኪና ገጭቶ ገድሎት ባመለጠበት ዓመት፣ የሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ደልበርት ነበር። ገጪው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ በየመስከረሙ ልጁን ለማሰብ እዚህ ይመጣሉ፤ ደልበርትም አንድ ዓመት ቀርቶ አያውቅም። መጠጥ እርም ያለውም ያኔ ነው። የኩርት ሞት ሰው አደረገው እያሉ ያመሰግኑት ነበር።

«መናገሩ ይከብደኛል» አለ ደልበርት። «ሃርላን ጥፋቱ የራሱ ነው። ውሃው በበረዶው ወቅት ረግቶ ቧንቧውን እንዳይሰነጥቅ የሚጨመር ሮዝ ፈሳሽ አለ፤ እሱ ሰው አይጎዳም። ሃርላን ግን ጋራዡ ያለውን ኩላንት ጨምሮ ሳያጥበው ረስቶት ይሆናል። ታንከሩ ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ይቀጥን ነበር። ታች የቀረችው ጥቂት ውሃ ነች የገደለችው።»

ማርሊስ እጁን አጥብቃ ያዘች። በረዶው ሲያልፍ ታንከሩ መታጠቡን ለምን አላረጋገጥኩም እያለች ራሷን ወቀሰች። መርማሪዋ መሬት መሬት እያየች ጠረጴዛው ሥር ስለተኛችው ውሻ ጠየቀች። ሞሊ የምትባል የሃርላን ውሻ ነበረች።

«ቅዳሜ ውሃ ያጠጣት ማን ነው?»

ማርሊስ አሰበች። ቀትር ላይ ደልበርት ታንኳውን ሊያጥብ ጎማውን ነቅሎ ወስዶት ስለነበር፣ በዚያች አረንጓዴ ሳህኗ ላይ በእጅ ፓምፑ ቀድታላት ነበር። ውሻዋ ገና አፏን ሳታደርስ ግን ደልበርት ከታንኳው እየሮጠ መጥቶ ሳህኑን በእግሩ ደፋው። የታንከር ውሃ ላስቲክ ላስቲክ ይላል ብሎ ሳቀና ከጎማው ሞላላት።

«እንዲህ ነው፤ ውሻ ይወዳል» አለች ማርሊስ።

ደልበርት ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ለቀቀ።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ መርማሪዋ ሦስቱንም በካምፑ የእንጨት ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። አንድ ፖሊስ መኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር። ቬርና አልተቀመጠችም።

«ከበረዶው ልጀምር» አለች። «ለበረዶ የሚጨመር ፈሳሽ በሁሉም ቧንቧ እንዲያልፍ ይደረጋል። ከተጎታቹ ጀርባ የውጭ መታጠቢያ አለ፤ ከበረዶው ወዲህ አንድም ቀን አልተከፈተም። ትናንት ከፈትኩት። የወጣው ሮዝ ነው። ሃርላን የጨመረው ትክክለኛውን ነበር ማለት ነው። ኩላንቱ የገባው እዚህ ከደረሳችሁ በኋላ ነው።»

ሎረን ጀሪካኑ ትዝ ብሎት አንገቱን ደፋ።

«ሁለተኛ፤ ታንከሩ እስከ አፉ ሞልቶ ነው የመጣው። በሞላ ዕቃ ላይ ምንም አይጨመርም፤ መጀመሪያ መጉደል አለበት። ተጎታቹ ሥር ተንበርክኬ አየሁ። ማፍሰሻው ካለበት በታች አሸዋው ተቦርቡሯል፤ ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ የወረደበት ነው። ያን ያህል ውሃ ለመልቀቅ ሰፈሩ ጭር ማለት አለበት። ዓርብ ምሽት ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ሟቹ፣ ወይዘሮ ማርሊስና አቶ ሎረን ወደ ሐይቁ ወረዱ። አራተኛው እሳት ላንድድ ብሎ ቀረ።»

ማርሊስ ወደ ደልበርት ዞረች። እሱ እጆቹን ያያል።

«ሦስተኛ፤ አቶ ደልበርት፣ ታንከሩ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ውሃ ነች ብለውኛል። መብራቶቹ ከተቃጠሉ ዓመታት አልፈዋል። ወይዘሮ ማርሊስ ሙሉ መስሏቸው ነበር፤ ሟቹም እንዲሁ። መጉደሉን የሚያውቀው ያጎደለው ሰው ብቻ ነው።»

«ገመትኩ እንጂ...» አለ ደልበርት።

«ሆድዎንም የታመሙት ቡናው በተመረዘባት በዚያች ጠዋት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ አጋጣሚ ነው ሊሉኝ ይችላሉ። የውሻዋን ሳህን ግን አጋጣሚ ሊሉኝ አይችሉም። ከታንከሩ የተቀዳ መሆኑን ባዩ ጊዜ ሮጠው ደፉት። ያን ጊዜ ሃርላን እዚያ፣ ሸራው ሥር፣ መንገዳገድ ጀምሮ ነበር። ሐኪም ዘንድ ቢደርስ መድኃኒት ነበረው። እርስዎ ለውሻዋ ሮጡ።»

«ሐኪም» የሚለው ቃል ለማርሊስ ዘግይቶ ገባት። ቅዳሜ ቀትር ላይ «ሐኪም ልጥራ ይሆን?» ብላ ስትጠይቀው ይኸው ሰው ትከሻዋን ደባብሶ «ፀሐይ መትቶት ነው፣ እህቴ፣ ይተኛበት» እንዳላት ትዝ አላት። ቃሉን አመነችው። እስከ ማታ ጠበቀች።

«ሎረን የሰማው ያ ‹እስከ እሁድ› ምን ነበር?» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ሃርላን ምን ሊነግረኝ ነበር፣ ደልበርት?»

ደልበርት ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ሲናገር ለእሷ ብቻ ነበር የሚናገረው።

«ያን ዕለት ጠጥቼ ነበር፣ ማርሊስ። ሚዳቋ የመታሁ መሰለኝ። አልቆምኩም። በማግስቱ ጠዋት ኩርት ሞተብኝ ብለሽ ስትደውዪ አወቅሁ። ከሰው ሁሉ መጀመሪያ የደወልሽው ለእኔ ነበር። ምን ልበልሽ? መጣሁ። ከዚያ በኋላ መሄጃ አጣሁ። ሐሙስ ዕለት ለሃርላን ነገርኩት፤ መሸከም አቃተኝ። አልመታኝም። ከአንተ አፍ ትስማው፣ እስከ እሁድ ጊዜ አለህ አለኝ። ሞከርኩ። ፊትሽን እያየሁ አልቻልኩም። አንቺንና ይህን ማዕድ ከማጣ...»

«በቃ» አለች ማርሊስ።

ሎረን ጠረጴዛውን ገፍቶ ተነሣ፤ ፖሊሱ ቀድሞት መሐል ገባ። ደልበርት ራሱ ተነሥቶ እጆቹን ወደ ኋላ አደረገ። ሲወስዱት አንድ ጊዜ ዞር አለ። ማርሊስ ግን ሳጥኑን የተሸከመበትን ትከሻ እንጂ ፊቱን አላየችም።

መኪናው ከዛፎቹ ጀርባ ከተሰወረ በኋላ ቬርና ማርሊስ አጠገብ ተቀመጠች። ተጎታቹ ለጊዜው እንደማይመለስላት፣ ፍርድ ቤትም እንደምትጠራ በለሆሳስ ነገረቻት። ማርሊስ የምትሰማት አትመስልም ነበር።

«ሐሙስ ሌሊት አጠገቤ ተኝቶ ነበር» አለች። «ዓርብም። የልጃችንን ገዳይ አውቆ፣ ደህና እደሪ ብሎኝ ተኛ።»

«ለሰውዬው ዕድል እየሰጡት ነበር፣ ወይዘሮ ማርሊስ። ደግ ሰው ነበሩ።»

«ደግማ ነበር።» ሐይቁን አየች። ነፋስ ተነሥቶ ውሃው ነጭ ነጭ እያለ ወደ ዳር ይመጣል። «ለእሱ እስከ እሁድ ሰጠው። ለእኔ ምን ሰጠኝ? አንዲት ቃል ሹክ ቢለኝ ኖሮ፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ ሐኪም ልጥራ ብዬ የምጠይቀው ደልበርትን ነበር?»

ሎረን መጥቶ የወንድሙን ሚስት በክንዷ ደግፎ አነሣት፤ በጥብጣቡ ዳር አልፈው ወደ እሱ መኪና ሄዱ።