የሰደቃው ማንጎ

እማማ ብኸይታ ሰላምታዋን አልመለሱላትም።

ስርጉት ያልሰሟት መስሏት ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። «እማማ፣ እንደምን አደሩ?» አሮጊቷ ግን ከማንጎው ሥር የረገፈውን ቅጠል መጥረጋቸውን ቀጠሉ። ሌላ ቀን ቢሆን የእናቷን ጤና፣ የአባቷን ጤና፣ የላሟን ጤና ሳይቀር ጠይቀው ነበር የሚያሳልፏት። ጥላው ሥር አረፍ ያሉ ሁለት ሴቶች በበርታኛ የጀመሩትን ወሬ ቁርጥ አድርገው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

ከዚያ እማማ ብኸይታ ጎንበስ ብለው አንድ የበሰለ ማንጎ አነሱ፤ በልብሳቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉና ፊታቸውን ወደ ሌላ እንዳዞሩ ዘረጉላት። «ሰደቃ ነው። ለማንም አይከለከልም» አሉ። ቢከለክሏት ይሻላት ነበር። ማንጎውን ተቀብላ ወደ ትምህርት ቤት መንገዷን ስትቀጥል ጆሮዋ ግሎ፣ ምን አጥፍቼ ነው እያለች ታስብ ነበር።

የልጅ ልጃቸው ጀዕፈር ከኋላዋ ደረሰባት። እንደ እሷ ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ማለዳ ሲገናኙ ያለ ቀልድ አይጀምርም። ዛሬ ግን ስልኩን ብቻ አውጥቶ ፊቷ ላይ ደቀነው።

«ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

ስክሪኑ ላይ ያለው የራሷ ብሎግ ነው፤ ስለ አሶሳ የማንጎ ዛፎች የምትጽፍበት። ከላይ አዲስ ጽሑፍ ወጥቷል። «የእማማ ብኸይታ ማንጎ በልዩ ጣዕሙና በማራኪ መዓዛው የሚታወቅ ሲሆን፣ ታታሪዋ ባለቤት በየገበያው በመሸጥ ቤተሰባቸውን ያስተዳድሩበታል» ይላል። ስርጉት ሁለት ጊዜ አነበበችው። አንዱም ቃል የእሷ አልነበረም።

ያንን ዛፍ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እማማ ብኸይታ የተከሉት በልጅነቱ ለሞተባቸው ልጃቸው ሰደቃ ይሁን ብለው ነው። ፍሬው የመንገደኛ፣ የተማሪና የወፍ ነው፤ የቤቱ ሰው አንዲት ፍሬ እንኳ ወደ ገበያ አያወጣም። ለሙት የሰጡትን መልሶ መሸጥ በሰፈሩ ዓይን ከስርቆት አይሻልም። ለክፋቱ ደግሞ ዘንድሮ አንዳንድ ሰው «ፍሬው ከሥሩ ቶሎ ቶሎ የሚጠፋው ወዴት እየሄደ ነው?» እያለ ማንሾካሾክ ጀምሮ ነበር። አሁን ሐሜቱ ምስክር አገኘ። «ኢንተርኔት ላይም ወጥቷል እኮ» ይባላል።

ጀዕፈር አያቱ ትናንት ሲነበብላቸው እራት ሳይበሉ መተኛታቸውን ነገራት። ስርጉት እኔ አልጻፍኩትም ብትለውም ከጽሑፉ በታች ያለውን ስሟን በጣቱ አሳያት። ከዚያ ጥሏት ሄደ።

ብሎጉን የጀመረችው አምና በንዴት ነበር። አንድ ቀን ስልኳ ላይ ያለውን ኤአይ «አሶሳ ውስጥ ቃጫ የሌለው ማንጎ የት ይገኛል?» ብላ ጠየቀችው። ቁጥር በቁጥር፣ ሥርዓት ባለው አማርኛ መለሰላት። የጠቀሰው ሰፈር ግን አሶሳ ውስጥ የለም። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቆይታ ግን አናደዳት። የማያውቀውን ሲናገር ትንሽ እንኳ አያፍርም። ስለ አሶሳ የሚያወራው እሱ ብቻ ከሆነ፣ ዝንጅብል ዝንጅብል የሚለውን የወፍጮ ቤቱን ማንጎ ማን ያውቀዋል? ስለዚህ ባለቤቱን አስፈቅዳ፣ ፍሬውን ቀምሳ፣ የዛፉን ታሪክ ጠይቃ መጻፍ ጀመረች።

ሰው ወዲያው አላመናትም። ቅጠሉን ነጭ የሚያደርገው ተባይ ስለገባ፣ ዛፍ ለማስቆረጥ የምትመዘግብ የመሰላቸው ነበሩ። «ማን ልኮሽ ነው?» ይሏታል። እናቷ ወይዘሮ ጤናዬም በሰው ግቢ መዞሯን አልወደዱላትም። በአገራችን ብዙ የሚጠይቅ ሰው መልስ ከማግኘቱ በፊት ይጠየቃል። ቀስ በቀስ ግን በሩ ተከፈተላት፤ «የማንጎዋ ልጅ» አሏት። ይኸው አሁን ያ ሁሉ በር በአንድ ጽሑፍ ሊዘጋባት ነው።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አንድም ቃል ሳይገባት አለፈ። ማን ነው? ሰኞ ዕለት ጀዕፈር ስልኳን ይዞ ነበር። ግን በገዛ አያቱ ላይ? ወይስ ተጠልፎ ይሆን? የማንጎ ብሎግ ጠልፎ ማን ምን ያገኛል? ጠረጴዛ የምትጋራትን ልጅ ሳይቀር በጎሪጥ አየቻት። ጽሑፉን እንደገና ስታነብ ዓይኗ «ልዩ ጣዕም» የሚለው ላይ ቆመ። የእማማ ብኸይታ ማንጎ ሆምጣጣ ነው፤ ቃጫው ጥርስ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ አይወጣም። ይሄን የሚጽፍ ሰው ቀምሶት አያውቅም።

ማንጎ የማይቀምስ ሰው ደግሞ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው። ጓደኛዋ ሳሌም ማንጎ ከነካች ከንፈሯ ያብጣል። ብሎጉን የከፈተችላት ሳሌም ናት፤ ፓስዎርዱንም ታውቃለች።

በእረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አገኘቻት። ሳሌም ከስልኳ ቀና ሳትል ሃኪንግ በዝቷል፣ ተጠልፎ ይሆናል አለች።

«‹ልዩ ጣዕም› ይላል» አለች ስርጉት።

«እና ምን ይጠበስ?»

«ሆምጣጣ ነው፣ ሳሌም። የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።»

ሳሌም ስልኳን ዝቅ አደረገች። የዛፉን ስም ብቻ ለኤአይ ሰጥታ እንዳጻፈችው አመነች። ክፋት አስባ አልነበረም። ስርጉት በሁለት ሳምንት አንድ ጽሑፍ ነው የምታወጣው፤ እሷ በአንድ ሳምንት አራት አውጥታለች። አንባቢው እንዴት እንደጨመረ አላየሽም ወይ ብላ መልሳ ጠየቀቻት።

አይታለች። ስርጉትን የከበዳትም ይሄ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከአራቱ አንዱን አግኝታው ነበር። «ሳሌም አስተካክላልኝ ይሆናል» ብላ፣ ከሥሩ ያለውን የአንባቢ ቁጥር አይታ ደስ ብሏት አለፈች። ጠዋት ሙሉ ሰው ስትጠረጥር ውላ ራሷን አልጠረጠረችም ነበር። አፈረች።

«አቦ አታካብጂው» አለች ሳሌም። «አጥፊው፣ አለቀ። ከጠየቁሽ ኤአይ ነው የጻፈው በያቸው። ውሸት አይደለም እኮ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የእኔን ስም ግን እንዳታነሺ። እናቴ ማንጎ የምትረከበው ከዚያ ሰፈር ሴቶች ነው። ሆን ብለን ያስወራን ነው የሚመስላቸው።»

ይሄኛው እውነት ነበር። የሳሌም እናት ማንጎ ገዝተው ወደ አዲስ አበባ የሚጭኑ ነጋዴ ናቸው፤ ሰፈሩ አንዴ ከጠረጠራቸው የሚሸጥላቸው አያገኙም።

ከትምህርት በኋላ ስርጉት ወደ እማማ ብኸይታ ግቢ ስትሄድ የምትለውን በሆዷ ደጋገመችው። ኤአይ ነው፣ እኔ አይደለሁም፣ አጠፋዋለሁ። ጀዕፈር በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ግቢም ተመለሺም አላላትም። አሮጊቷ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። አማርኛን ያወቁት ጎልምሰው ስለሆነ ለወንድም ለሴትም «አንተ» ነው የሚሉት።

«ማን ነገረህ?» አሉ፣ ገና ሳትቀመጥ።

«ማንም አልነገረኝም፣ እማማ። ሰው አይደለም የጻፈው፤ ማሽን ነው። ከራሱ ፈጥሮ ነው።»

«ቤቱ የት ነው?»

ስርጉት ጀዕፈርን አየችው። አላገዛትም።

«ቤት የለውም» አለች።

እማማ ብኸይታ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የምር ግራ ገብቷቸው ነው የጠየቁት። «ሰው ስም ቢያጠፋ፣ ቤቱ ሄዶ ይጣላል። ሽማግሌ ይመጣል፣ ይታረቃል። ይሄ ቤት የለውም። እኔ ማን ጋ ልሂድ?»

የሳሌም ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ብትናገረው ውሸት አይሆንም፤ እሷም ትገላገላለች። ግን ፓስዎርዱን የሰጠች፣ አይታ ዝም ያለች፣ በአንባቢው ቁጥር የተደሰተች ማን ናት?

«እኔ ጋ» አለች። «ብሎጉ የእኔ ነው። እኔ ጋ ይምጡ።»

«አንተ ብቻህን?»

«የእኔ ነው፣ እማማ።»

ለጥያቄው መልስ እንዳልሆነ ሁለቱም አውቀዋል። እማማ ብኸይታ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩዋት። አላመኗትም፤ ግን አልገፉበትም። ስርጉት ጽሑፉን አሁኑኑ አጠፋዋለሁ ስትላቸው በእጃቸው ከለከሏት።

«ከስልኩ ሲጠፋ፣ ካነበበው ሰው ሆድ ይጠፋል?»

እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ ጻፈች። ቃላቱ እንደ ኤአዩ ተሰልፈው አልመጡላትም፤ እየሰረዘች፣ እየመለሰች ነበር። ስትጨርስ ጮክ ብላ አነበበችው፣ ጀዕፈርም በበርታኛ አስከተለ። «እማማ ብኸይታ ማንጎ ሸጠው አያውቁም። እዚህ ላይ የወጣው ሐሰት ነው። ሳልጠይቃቸው ወጣ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛፉን የተከሉት ለሞተ ልጃቸው ነው።»

«ስም አለው» አሉ እማማ ብኸይታ።

«ምን አሉኝ?»

«ልጄ ስም አለው። አጠይብ ነው።»

ስርጉት «ለልጃቸው ለአጠይብ» ብላ አስተካከለችው። ይሄን ያህል ጊዜ በዛፉ ሥር ስታልፍ ስሙን ጠይቃ አታውቅም ነበር። አሮጊቷ እንደገና አስነበቧትና አዳመጡ፤ ስርጉትም ከሐሰተኛው ጽሑፍ በላይ አወጣችው። ይቅር ብያለሁ አላሏትም። ሰው ሲያነበው እናያለን ብለው ወደ ቤት ገቡ።

እቤቷ እንደገባች የሳሌም መልእክት መጣ። «ፓስዎርዱ እምቢ አለኝ።»

«ቀይሬዋለሁ» ብላ መለሰች ስርጉት።

«ስሜን ነገርሽ?»

«አልነገርኩም።» ጥቂት አሰበችና ጨመረችበት። «ሳንጠይቅ የጻፍንባቸው ሦስት ቤቶች ይቀራሉ። ነገ እሄዳለሁ። ትመጫለሽ?»

ሳሌም መልእክቱን አንብባዋለች፤ መልስ ግን አልመጣም። ስርጉት ጥቂት ጠብቃ ወደ ብሎጉ ተመለሰች። ከታች፣ ስሟ ካለበት ቦታ ቀጥላ አንድ መስመር ጻፈችና ወዲያው አወጣችው። «ስህተት ያገኘ ሰው ቤቴ ይምጣ። ሰፈሩን ከጠየቀ ያሳዩታል።»