ከፓሽኑ ዳስ ሥር

ሽማግሌው አትክልተኛ ከፓሽን ፍሩቱ ሐረግ ዳስ ሥር በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል። አጠገቡ መሰላል ተጋድሟል፤ ፍሬ የሞላበት ቅርጫትም ተቀምጧል፤ መሬቱን የረገፈ ፍሬ ሸፍኖታል።

ምራቱ ሕፃን ልጇን አቅፋ በረንዳው ላይ ቆማለች። ጧት ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቃ ነበር፤ ጩኸቷንም ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። ባሏ ሾፌር ነው፤ ሩቅ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ ብትታሰር ጡት ያልጣለው ልጇ በማን እጅ ያድራል? ይህ ሐሳብ ምላሷን አስሮታል። አማቷም፣ የሟቹ ሚስት፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ቀና ብላ አላየቻትም።

«መሰላሉን የገፋችው እሷ ናት!» አለ ሊጠይቅ የመጣው የሟቹ ታናሽ ወንድም። «በዚህ ዕድሜህ መሰላል ላይ ተንጠላጥለህ ፍሬ አትቅጠፍ እያልኩ ስንቴ ለመንኩት! ወይ መስማት! እንደ ዝንጀሮ ነበር የሚወጣው።»

ከፖሊስ የመጣችው መርማሪ አዳመጠችው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ያልነፋችውን ቃል አታሳልፍምና። ከቅርጫቱ አንድ ፍሬ አነሣች። ቆዳው ልሙጥ ነው፤ አረንጓዴነቱ ገና አለቀቀውም፤ አናቱ ላይም ጥርት ተደርጎ የተቆረጠ የሐረግ ቅንጣቢ አለ።

«ስለት የያዘ ሰው አለ?»

ወንድምየው ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ ሰጣት። መርማሪዋ ሰንጢውን ዘርግታ ትኩር ብላ አየችው፤ ፍሬውን ከፍላ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። ሰንጢውን ግን አልመለሰችም። ወደ ምራቲቱ ቀረበች።

«እንዲህ ነው የምትበሉት?»

«ኧረ እሱስ ጥርስ ያደነዝዛል! አልደረሰም እኮ።»

«መቼ ነው የምትቆርጡት?»

«አንቆርጠውም። ሲደርስ ራሱ ይወድቃል። ከመሬት ለቅመን፣ ቆዳው እስኪጨማደድ አቆይተን እንበላዋለን። አባባ ሐረጉን የነካ ሰው ሲያዩ ‹ያልሰጠህን አትንጠቅ!› ብለው ይቆጡ ነበር።»

«መሰላሉስ?»

«ጣራ ሲያፈስ ብቻ ነው የምናወጣው» አለች።

መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ ከመሰላል አልወደቁም፤ አልወጡምና። ገዳዩ ወድቀው የሞቱ ለማስመሰል መሰላሉን አመጣ፤ ቅርጫቱንም ከሐረጉ እየቆረጠ ሞላው። መሬቱ በበሰለ ፍሬ ተሸፍኖ ሳለ ጥሬውን የሚቆርጥ የዚህ ቤት ሰው የለም። ይህ ፍሬውን ተጨምቆ በብርጭቆ ሲቀርብለት ብቻ የሚያውቅ እንግዳ ሥራ ነው።»

«እኔ ገደልኩት ልትዪ ነው?» አለ ወንድምየው።

«እርስዎ ‹አትቅጠፍ እያልኩ ስንቴ ለመንኩት› ብለዋል፤ ወንድምዎ ግን አንድም ቀን ቀጥፈው አያውቁም። ሰንጢዎም ገና ስቀበልዎ መገጣጠሚያው ውስጥ እርጥብ የሐረግ ልጥ ነበረበት።»

ሰውየው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «መሬቱን እንሽጥ አልኩት። ሐረጌ ይነቀላል ብሎ እምቢ አለ። ‹ከእኔ ሐረጉ በለጠብህ?› ስለው ‹አዎን› አለኝ። ፊቱን ሲያዞር... ድንጋይ አነሣሁ።»

ሰውየው በካቴና ታስሮ ወጣ። ምራቲቱ ልጇን አቅፋ ተነሣች።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?» አለች አማቷ።

«ብናገር ማን ያምነኛል ብዬ ነው፣ እማማ።»

አማቷ «እኔ» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ግን አልወጣም፤ ሐሰት ነበርና።